ስልሳኛው ቀን መቼ ነው?

የጨረታ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ጨረታው የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት ከተጻፈ በኋላ፣ ዕለቱ የሥራ ቀን ካልሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት እንደሚከፈት የምትገልጸዋ ናት። በኩር ላይም አዲስ ዘመን ላይም አለች። ዓረፍተ ነገሯን መጀመሪያ የጻፈው የግዥ ሠራተኛ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ብልህ ሰው እንደነበር ግን ያስታውቃል። ቀን ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ገብቶታል። የሚቆጠር ቀን አለ፣ የማይቆጠር ቀን አለ፤ ልዩነቱ ካልተጻፈ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ያጣላል።

ዛሬ ይህን ቆጠራ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራው ሰው ሳይሆን ዳታቤዝ ነው። ድሮ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አውርዳ፣ በዓላቱን በቀይ እያየች፣ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር። አሁን ሁለት ቀን አስገብታ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ቁጥር ይመጣል። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ችግሩ ያለው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። ማሽኑ የሥራ ቀን የሚለው የትኛውን ቀን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ ቀን» በሚለው ሐረግ ላይ ብዙ መብት አንጠልጥሏል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። ሥራው የተቋረጠ ሠራተኛ ደመወዙና ሌላ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ሠራተኛ ሲያገባ የሚያገኘው 3 የሥራ ቀን ነው፤ ልጅ ሲወለድለት ግን 3 ተከታታይ ቀን። ሁለቱም ሦስት ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ቅዳሜ ልጅ የተወለደለት አባት እሑድም ይቆጠርበታል፤ እሑድ ያገባው ሙሽራ ግን ከሰኞ ጀምሮ ይቆጠርለታል።

ከሁሉም የከበደው አንቀጽ 11 ነው፤ የሙከራ ጊዜ። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀን አይበልጥም ነበር። ተከታታይ ቀንን ማንም ይቆጥረዋል። አዲሱ አዋጅ ከቅጥሩ የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ አለ። ሕግ አውጪው አንዲት ቃል ቀየረ፤ በዚያች ቃል ምክንያት ቆጠራው ከሒሳብ ወደ ፍርድ ተሻገረ።

ምን ለውጥ ያመጣል? በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ተስማሚ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል። የሙከራ ጊዜው አልፎ ሥራውን ከቀጠለ ግን ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ማሰናበት በሕግ የታወቀ ምክንያት ይፈልጋል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላገለገለ ሠራተኛም ቢሆን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አለ። በ60ኛውና በ61ኛው ቀን መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ እንጀራ ነው።

አንድ ምሳሌ፣ ሦስት መልስ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰዎቹ ምሳሌ ናቸው፤ ቀኖቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

አንዲት ወጣት ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን መጥታ ፋብሪካ ተቀጠረች እንበል። የገባችው ሰኞ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካው እንደ አብዛኛው ፋብሪካ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል። ሕጉ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሲል ስድስት የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ታስቦ ነው፤ ዕረፍቱም በኅብረት ስምምነት ካልተለወጠ በቀር እሑድ ነው። ልጅቷ ዓርብ የካቲት 15 ቀን ደብዳቤ ተሰጣት፤ በሙከራ ጊዜዋ ለሥራው ብቁ ሆና አልተገኘችም ይላል።

«ጋሼ፣ ሙከራዬን ከጨረስኩ ቆየሁ እኮ» ትላለች።

«እህቴ፣ ሲስተሙ ገና 55ኛ ቀንሽ ነው የሚለው» ይላታል የሰው ኃይል ኃላፊው። አይዋሽም። ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ ያሳያታል።

እስኪ እንቁጠር። ቀኑን ዝም ብሎ የሚቆጥር ሰው ታኅሣሥ 30፣ ጥር 30 ብሎ 60ኛው ቀን ጥር 30 ነው ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ እሑድም ጥምቀትም ገብተውበታል። በስድስት ቀን ሳምንት የሚቆጥር ሰው ደግሞ አሥር ሳምንት በስድስት 60 ይልና፣ ቅዳሜ ጥር 11 የዋለውን ጥምቀት ቀንሶ አንድ ቀን ይገፋል። የዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 እሑድ ስለዋለ ሁለት ጊዜ አይቀነስም። በዚህ ስሌት 60ኛው ቀን ሰኞ የካቲት 11 ነው። ሲስተሙ ግን ቅዳሜና እሑድን አውጥቶ በአምስት ቀን ሳምንት ቆጠረ፤ ለእሱ 60ኛው ቀን ዓርብ የካቲት 22 ነው።

ጥር 30፣ የካቲት 11፣ የካቲት 22። አንድ ሕግ፣ አንዲት ሠራተኛ፣ ሦስት መልስ። ደብዳቤው በተጻፈበት ዕለት ልጅቷ 64ኛ የሥራ ቀኗ ላይ ነበረች። ዘጠኝ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥታ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ፋብሪካ ገብታ ሠርታለች። ደመወዟም ቅዳሜን ጨምሮ ተከፍሏታል። ሲስተሙ እነዚያን ዘጠኝ ቅዳሜዎች ለምርት ሲሆን አየ፣ ለመብት ሲሆን አላየም።

ማሽኑ እንዴት ይቆጥራል?

ዳታቤዝ በራሱ የሥራ ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቀንን ከቀን መቀነስ ነው። የካቲት 15ን ከታኅሣሥ 1 ጋር ሲያነጻጽር 74 ይላል፤ ሰው ሁለቱንም ጫፍ ቆጥሮ 75 ሲል። ይህች አንድ ቀን ብቻዋን የብዙ ጠብ ምንጭ ናት። ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ስለሚል የመጀመሪያው ቀን መቆጠር አለበት፤ ማሽኑ ግን ካልነገሩት አይጨምራትም።

ከዚያ ባለሙያው ኩዌሪ ይጽፋል። በጣም የተለመደው መንገድ በመካከል ያሉትን ቅዳሜና እሑዶች ቆጥሮ መቀነስ ነው። ኤክሴልም የሥራ ቀን ለመቁጠር ያለው የታወቀ ፎርሙላ ካልተነገረው በቀር ቅዳሜና እሑድን ዕረፍት አድርጎ ይወስዳል። እሑድን ብቻ ዕረፍት የሚያደርግ ሌላ ፎርሙላ እዚያው ኤክሴል ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የሚፈልገው ሰው መኖር አለበት። አንዳንዱ ዳታቤዝ ደግሞ እሑድን 1 ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው 0፣ ሌላው 7፤ በአንዳንዱ ላይ የቋንቋ ቅንብሩ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ የተገለበጠ ኩዌሪ እሑድን ትቶ ሌላ ቀን ሲቀንስ ማንም ላያስተውል ይችላል። ስህተት የሚል ቀይ መልእክት አይመጣም፤ ቁጥር ብቻ ይመጣል።

የሌሊት ፈረቃም አለ። ቅዳሜ ማታ በ12 ሰዓት አሻራውን ሰጥቶ የገባ ሠራተኛ እሑድ ጠዋት ይወጣል። ማሽኑ ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሠራተኛው የሠራው ቅዳሜ ነው ወይስ እሑድ? ለትርፍ ሰዓት ክፍያም ለቆጠራውም መልሱ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ለማሽኑ መተው የለበትም።

የበዓሉ ጣጣ

ቅዳሜና እሑድ ቀላሉ ነው። በዓል ይከብዳል፤ የእኛ በዓል ደግሞ በሦስት ዓይነት አቆጣጠር ይሄዳል።

የመጀመሪያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቋሚ የሆነው ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ። ዳታቤዝ ቀን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ አንዳንድ ባለሙያ ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብሎ አንድ ጊዜ ይጽፍና ይተኛል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ግን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12፣ መስቀል 28፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው፤ በ2020 ዓ.ም. ይደገማል። በዚያው ዓመት ዓድዋ ማርች 2 ላይ እንደቆመ ነው፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 መሀል ገብታ ታስተካክለዋለች። «ታዲያ በኢትዮጵያ ቀን እንጻፈው» የሚል ሰው ደግሞ ገና ላይ ይወድቃል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ከጳጉሜን ስድስት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በአንድ ደንብ ሁሉንም መያዝ አይቻልም።

ሁለተኛው ስቅለትና ፋሲካ ናቸው። ቀናቸው ይለዋወጣል፤ ነገር ግን በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ ይታወቃል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ያለ ኮምፒዩተር የመቶ ዓመቱን ያወጡታል።

ሦስተኛው ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ ናቸው። እነዚህ በጨረቃ የሚሄዱ ስለሆኑ በፈረንጁም በእኛም ካላንደር ላይ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደኋላ ይንሸራተታሉ። የዒድ አልፈጥር ትክክለኛ ቀን የሚታወቀው ጨረቃዋ ስትታይ፣ በዋዜማው ማታ ነው። ስለዚህ ምንም ያህል ብልህ ኩዌሪ ቢጻፍ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሠንጠረዡን የሚያርም ሰው ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ዝርዝሩ ራሱ ይለወጣል። በደርግ ዘመን መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነበር፤ ዛሬ ተራ ቀን ነው። የቆየ የጡረታ ክርክር የሚያሰላ ሰው የዛሬውን ዝርዝር ወደኋላ ቢጭን ይሳሳታል። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ደግሞ የራሱን አገር በዓል ይዞ ይመጣል። በምሳሌያችን ሲስተሙ የፈረንጆቹን ገናና አዲስ ዓመት ቢቀንስ ኖሮ፣ ሁለቱም ሰኞ ስለዋሉ፣ የልጅቷ 60ኛ ቀን እስከ የካቲት 26 ይገፋ ነበር። አንዳንድ አገር እሑድ የዋለን በዓል በሰኞ ይተካል፤ እኛ ዘንድ ምትክ የለም። ያንን ልማድ ይዞ የመጣ ፕሮግራም የማናውቀውን ሰኞ ይሰጠናል።

የቅዳሜ ነገር

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማዋን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እኚሁ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1450 ተጉለት ውስጥ፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው፣ የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ለረጅም ጊዜ የተከራከሩበት የሰንበት ጉዳይ ተቋጨ፤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ተባለ። ከዛሬዪቱ ደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በሸዋ ምድር፣ የቅዳሜ ነገር በጉባኤ ተመክሮበት ተወሰነ። የወሰነው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተወሰነ፣ ለምን እንደተወሰነ ይታወቃል።

የዛሬው ቅዳሜ ግን ሦስት ነው። አንኮበር ላይ ሰንበትን የሚያከብር ገበሬ ቅዳሜ በሬ አይጠምድም። ደብረ ብርሃን ያለው የመንግሥት ቢሮ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሰንበት አይደለም፣ የአምስት ቀን የሥራ ሳምንት ስላለው ነው። ፋብሪካው ደግሞ ቅዳሜ ያመርታል።

የልጅቷ ቤተሰቦች እዚያው አንኮበር ተቀምጠው ያንኑ ታኅሣሥ እንዴት እንደሚቆጥሩት እንይ። ቅዳሜና እሑድ ስምንት ቀን ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ። ማርያምና መድኃኔ ዓለም በዚያ ወር ሰንበት ላይ ዋሉ። እነዚህን ሁሉ የሚያከብር ገበሬ ለውቂያው የሚቀረው 17 ቀን ነው። ለቢሮ ሠራተኛው ያው ታኅሣሥ 22 የሥራ ቀን ነው። ለፋብሪካዋ ልጅ 26። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ያለው ሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ለዓርብ የራሱ ሥርዓት አለው። ሁሉም የሚያውቁት ነገር አለ፤ ቆጠራው የማን እንደሆነ። ገበሬው የደብሩን ያውቃል፣ ቢሮው የመንግሥቱን። የፋብሪካዋ ልጅ ግን በማን እንደምትቆጠር አታውቅም። ቅዳሜዋን የሰረዘው ጉባኤ አይደለም፤ አንድ ሰው ሳይነካው ያለፈው ቅንብር ነው።

እዚህ ላይ አሠሪውን ሌባ ማለት ይቀናል። ፍትሐዊ አይሆንም። ያው የአምስት ቀን ስሌት የዓመት ፈቃድ ላይ ሲመጣ ለሠራተኛው ያደላል፤ በስድስት ቀን ሳምንት 16 የሥራ ቀን ሁለት ሳምንት ከአራት ቀን ሲሆን፣ በአምስት ቀን ስሌት ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ይሆናል። አሠሪውም በማያውቀው ስሌት ይከስራል። የሙከራ ጊዜው አላለፈም ብሎ ደብዳቤ የጻፈ ድርጅት ፍርድ ቤት ቀርቦ «ሲስተሙ ነው ያለው» ቢል፣ ዳኛው የሚያነበው አዋጁን ነው እንጂ ኩዌሪውን አይደለም።

«የጥቂት ቀን ነገር ነው» የሚልም አይጠፋም። ለድርጅቱ እውነት ነው። የግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ ከደመወዟ የቤት ኪራይ ከፍላ ለቤተሰቧ የምትልክ ልጅ ግን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ማጣት የጥቂት ቀን ነገር አይደለም።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ባለሙያዎችም ያውቁታል። ቅዳሜና እሑድን በፎርሙላ ከመቀነስ ይልቅ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ የቀን ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር። የፈረንጁ ቀን፣ የኢትዮጵያው ቀን፣ የሳምንቱ ስም፣ በዓል ከሆነ የበዓሉ ስም፣ ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት፣ ለየትኛው ክፍልና ፈረቃ። የአሥር ዓመቱ ተጽፎ ቢቀመጥ 3,650 መስመር ገደማ ነው፤ ለኮምፒዩተር ኢምንት ነው። ከዚያ ኩዌሪው አንዲት ቀላል ጥያቄ ትሆናለች፤ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን፣ ሁለቱም ጫፍ ተቆጥረው፣ ለዚህ ክፍል «ሥራ» የተባሉት ስንት ናቸው? ዒድ ሲታወጅ አንድ መስመር ይታረማል፤ ማን መቼ እንዳረመው ይመዘገባል። መንገድ ተዘግቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ፋብሪካው ያልሠራበት ቀንም በስሙ ይጻፋል፤ ይቆጠር አይቆጠር የሚለው በሕጉ መሠረት ይወሰናል እንጂ በዝምታ አይታለፍም።

የሠንጠረዡ ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ አይደለም። ፎርሙላን የሚያነበው ባለሙያው ብቻ ነው፤ ሠንጠረዥን ግን ማንም ያነበዋል። ታትሞ በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው፣ ማንበብ የምትችል ሠራተኛ ሁሉ ጣቷን እያስኬደች ልትቆጥረው ትችላለች።

ከዚህም የሚቀል ነገር አለ፤ ሶፍትዌር እንኳ አይፈልግም። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። ያው ጽሑፍ «60 የሥራ ቀን» ብሎ ከማቆም ይልቅ የመጨረሻውን ቀን ይጻፍ፤ «የሙከራ ጊዜው ሰኞ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ያበቃል»። መሀል ላይ ዒድ ገብቶ ቀኑን ቢገፋው አዲሱ ቀን በደብዳቤ ይነገር። የጨረታ ማስታወቂያ ጸሐፊው ለሳጥን መክፈቻ ያደረገውን ጥንቃቄ ለሰው እንጀራ ማድረግ ብዙ አይደለም።

ፋብሪካ ልትቀጠሩ የምትሄዱ፣ ልጅም እህትም የምትልኩ ሁሉ፣ ውል ስትፈርሙ ይህችን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «60ኛው ቀን መቼ ነው? ቀኑን ጻፉልን።» መልስ የሚሰጥ ድርጅት ቆጠራውን ያውቃል ማለት ነው። «ሲስተሙ ያውቀዋል» ካለ ግን የሚያውቀው የለም።